ቢላዋ የሌለበት ሰሃን

ከዚህ በታች የምጽፈው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት ነው። ቅጥፈት ካለበት የጠገንኩት ስልክ ሁሉ አይጥራ፣ ያልጠገንኩትም እየጠራ እንቅልፍ ይንሳኝ። «ይሄማ ሊሆን አይችልም» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም እዚያው ቆሜ እያየሁ «ይሄማ ሊሆን አይችልም» እል ነበር፤ ነገሩ ግን እኔን ሳይሰማ መሆኑን ቀጠለ።

የአገሩን ስም አልጠራም። ከጠራሁት ተመልሼ መግባት አልችልም፣ እዚያ ደግሞ የተውኩት ጃንጥላ አለ።

ያኔ እዚያ ከተማ ስልክ ጠጋኝ ነበርኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አምስተኛን በአጥር ቀዳዳ አይቼዋለሁ፣ ብዙ ያመለጠኝ አልመሰለኝም። ሥራዬ መጠገን ይባል እንጂ ግማሹ ማንበብ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የመጣለትን መልእክት ይዞ ይመጣል፣ አነብለታለሁ። መልእክቱ ደረቅ ከሆነ ትንሽ ቅባት ነገር ጨምሬ አነብለታለሁ።

ያ ከተማ አንድ ትልቅ ሕግ ነበረው። ጎረቤት በሰሃን ምግብ ከላከልህ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም። «ይሄማ እኛም ጋ አለ» ትሉ ይሆናል። እኛ ጋ ወግ ነው፤ እዚያ ሕግ ነው። ዳኛ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ሰሌዳ አለው። ባዶ ሰሃን ሲመልስ የተገኘ ሰው ስሙ ገበያ መሃል በቆመው ሰሌዳ ላይ በከሰል ይጻፋል። ስሙ የተጻፈ ሰው ቤት ለሠርግም ሆነ ለተዝካር እህል የሚቀምስ አይገኝም። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወጡ ይሠራል፣ ማንም አይመጣም፣ ድንኳኑ ይነቀላል።

ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ባዶ የመለሰ ይከሰሳል፤ ጨርሶ ያልመለሰ አይከሰስም። «እያሰናዳሁ ነው» ካለ በቃው። ስለዚህ የሚሞላበት ያጣ ሁሉ የሰው ሰሃን አልጋው ሥር ይደብቅና የሰሃኑን ባለቤት ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ በየአልጋው ሥር ሰሃን ተከምሮ፣ ሰው ሁሉ ከሰው ሲሸሽ፣ በዋናው ጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ውሻ ብቻ ነበር። ሰሃን ያለቀበት ሰው ደግሞ ለማን በምን ይልካል? መላላኩ ቀረ። የሰሃን ዳኛው ዳኛ አጥናፉ ሥራ አጥተው ችሎቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ እኔ ሳያቸው ሦስተኛው እጅጌ ላይ ደርሰዋል።

እትዬ ትርንጎ ባሏ የሞተባት የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። አንድ ልጅ አለቻት፣ ስንቅነሽ የምትባል፣ እናቷ አፏን ሞልታ የምታወራላት። የስንቅነሽ የሠርግ ቀን ተቆርጧል፦ የሚመጣው እሁድ ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ያለው። ትርንጎ ለዚያች ቀን ስትል ስድስት ዓመት ሙሉ ለራሷ አዲስ ጫማ አልገዛችም። እንኳን ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ሰሌዳው አጠገብ ማለፍ ትፈራለች።

ከትርንጎ ግንብ ወዲያ አመለወርቅ ትኖራለች። በዕድሜ እኩያዋ ናት፣ ያደጉትም አብረው ነው። ግንቡን ይጋራሉ፣ ዝናብ ሲጥል የጣሪያቸው ውሃ አንድ ቦይ ውስጥ ይወርዳል፣ ዘጠኝ ዓመት ግን አልተነጋገሩም። ምክንያቱ ሰሃን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ትርንጎ ከእናቷ በወረሰችው፣ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ ነጭ የብረት ሰሃን ጭኮ አድርጋ ላከችላት። ሰሃኑ ሳይመለስ ቀረ።

«ጭኮዬን በላች፣ ሰሃኔን አስከትላ ዋጠች» ትላለች ትርንጎ፣ ሰው በጠየቃት ቁጥር። ሰው ባይጠይቃትም ትላለች። ነገር ግን አመለወርቅ በክረምት ሳሏ ሲብስ ትርንጎ በግንቡ በኩል ትሰማለች፣ ያን ቀን እህል አይወርድላትም። ይሄን ማንም ጠይቋት ተናግራ አታውቅም፤ እኔ ያወቅሁት የስንቅነሽን ስልክ ስጠግን ነው፣ ልጅቷ ታወራልኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ትርንጎ ስልኳን እንደ ጋለ ምጣድ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሱቄ ገባች።

«አንተ ቀልማዳ፣ ይሄን እይልኝ።»

«ምን መጣ እትዬ?»

«አመለወርቅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ዘግታኝ ዛሬ ላከችብኝ። ምን ይላል?»

ተቀብዬ አየሁት። ፊደል የሚባል የለበትም። አንድ ትንሽ ስዕል ብቻ ነው፦ ነጭ ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ ቢጫ ጉብታ፣ ጉብታው አናት ላይ ቡናማ ነገር ፈሶ በጎን በኩል ወረድ ወረድ ብሏል።

«ምንም አይልም። ስዕል ነው። የተማሩት ኢሞጂ ይሉታል።»

«ያልተማሩትስ?»

«ስዕል ይሉታል።»

«ስዕልነቱማ ይታየኛል፣ ዓይን አለኝ። ገንፎ ነው።»

ልብ ብዬ ሳየው እውነትም ገንፎ ነው። ተድበልብሎ ቁጭ ብሏል፣ ቅቤና በርበሬው አናቱ ላይ ነው፣ ማንኪያ ብቻ ነው የጎደለው። ትርንጎ ፊቷ እየተለዋወጠ መጣ።

«የአራስ ገንፎ! ለእኔ! በስልሳ አንድ ዓመቴ! ባሌን ከቀበርኩ ሰባት ዓመቴ!»

«ምናልባት የስንቅነሽን ሠርግ ሰምታ ይሆናል።»

«የልጄን ሠርግ ሰምታ ገንፎ? ልጅሽ ሳታገባ ወልዳለች ነው የምትለኝ?»

«እንግዲያው ደውለሽ ጠይቂያት።»

«እኔ? ቀድሜ? ሰሃኔ እሷ ጋ ሆኖ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት የሚባለው ትምህርት ግን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው መሰለኝ የሚሰጠው፣ እኔ አልደረስኩበትም። «እትዬ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ገንፎው አይደለም» አልኳት።

«ምኑ ነው ታዲያ?»

«ሰሃኑ። ሰሃን መጥቶልሻል እኮ። ሰሃን ደግሞ ይመለሳል።»

ለቀልድ ነበር ያልኩት። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቀጥታ ወደ ዳኛ አጥናፉ ነበር የሄደችው፤ ራሷን ቀድማ ካመለከተች ቅጣቱ ይቀልልኛል ብላ።

ዳኛው ሹራቡን አስቀመጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ባለጉዳይ አልመጣላቸውምና የመዝገቡን አቧራ እፍ አሉ። መጀመሪያ ሚዛን አስመጡ። ስልኩን ስዕሉ ሳይከፈት መዘኑት፣ ከፍተው መዘኑት። እኩል ሆነ። ለረጅም ጊዜ አሰቡና «ሲሰጥ የማይጎድል፣ ሲቀበሉት የማይከብድ ስጦታ» ብለው በመዝገቡ ላይ አስጻፉ። ቀጥለው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ስሚ እመት ትርንጎ፣ ይሄ ነገር ክብ ነው?»

«ክብ ነው ጌታዬ።»

«ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው።»

«በላዩ ምግብ ተቀምጧል?»

«ገንፎ ተቀምጧል ጌታዬ። የስድብ ገንፎ።»

«ስድብነቱ በሌላ ችሎት ይታያል። ሰሃን ነው። እስከ እሁድ ቀትር ድረስ በወጉ ይመለስ።»

«ጌታዬ፣ እያሰናዳሁ ነው ብል አይሆንም?»

«እሱ ለብረትና ለሸክላ ሰሃን ነው። ይሄ አልጋ ሥር አይገባም። ደግሞም አይተሽዋል የሚል ምልክት በጎኑ አለ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ራሱ ነው የሚናገረው።»

«ታዲያ ያንኑ መልሼ ልላክላት?»

ዳኛው ደነገጡ። «የመጣን ምግብ እንዳለ መመለስ? ይሄማ አልበላልሽም ማለት ነው። ከባዶም ይከፋል!»

ትርንጎ ተመልሳ ሱቄ መጣች። ፊቷን ሳይ ቀልዴን ተውኩት። «ሌላ ሰሃን ፈልግልኝ» አለችኝ። የዚያ አገር ስልክ ርካሽ ነው፣ ስዕሉ ሁሉ አልገባበትም። ብፈልግ ብፈልግ ሰሃን ያለበት ስዕል ሁለት ብቻ ነው፦ አንዱ ይሄው የመጣው፣ ሌላው ባዶ ሰሃን ሆኖ በግራው ሹካ በቀኙ ቢላዋ የተጋደመበት።

«ይሄውልሽ፣ ሌላ ሰሃን።»

«ባዶ ነው! ደግሞ ቢላዋ አለበት! ለጎረቤቴ ቢላዋ ላክልኝ ነው የምትለኝ? ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈን በመጨረሻ ቢላዋ?»

«ሹካም አለው…»

«ሹካውን ላንተ!»

በዚያ ሳምንት ከተማው ሥራ ፈታ። የዳኛው ፍርድ ተነበበና ሰው ሁሉ ያን ስዕል ስልኩ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። ሰሃን የሌለው ሰው ሁሉ ሰሃን አገኘ ማለት ነው፣ መላላኩ እንደገና ተጀመረ። ችግሩ ምን እንደሚላላኩ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። የታች ሰፈር ሰዎች ገንፎ ነው ብለው ለወለደ ሁሉ ላኩት። የላይ ሰፈር ሰዎች ግን ባርኔጣ ነው አሉ፤ ቡናማው ጨርቁ ነው፣ ሰሃኑ ጥላው ነው፣ ስለዚህ ለሹምና ለሽማግሌ የሚላክ የአክብሮት ስዕል ነው። ባርኔጣ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ምን እንደሚሉ ለማየት ብዬ ነው፣ አየሁ። ወንዝ ማዶ ያሉት ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ጎጆ ነው አሉ፣ ቤት ለሠራ ይልካሉ።

የላይ ሰፈር አንድ ጨዋ ጎረምሳ ለታች ሰፈር እጮኛው አባት ለአክብሮት ብሎ ቢልክላቸው፣ ሰውየው ዱላ ይዘው መጡ። «ልጄን ምን አድርገሃት ነው ገንፎ የምትልክልኝ?» ጎረምሳው እስከ ዛሬ ባርኔጣ አያደርግም።

ዳኛ አጥናፉ ሥርዓት አወጡ። ከቀትር በፊት የተላከ ገንፎ ነው፣ ከቀትር በኋላ የተላከ ባርኔጣ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የተላከ ጎጆ ነው። ልክ ቀትር ላይ መላክ ክልክል ነው። በጾም ቀንም እንዳይላክ፣ ቅቤ አለበትና። የባርኔጣ ወገኖች «ባርኔጣ ይጾማል እንዴ?» ብለው ተቃወሙ፤ ክርክሩ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ቆየ። በመሃሉ አንዱ ብልህ «ሰሃን ከመመለሱ በፊት ይታጠባል» የሚለውን ደንብ አስታወሰና ሰው ስልኩን ማጠብ ጀመረ። በሁለት ቀን ዐሥራ ሰባት ስልክ ሩዝ ውስጥ ቀብሬ አደረቅሁ። ሩዙ ሲያልቅ በምስር ሞከርኩ። ምስር ደህና ነው፣ ስልኩ በኋላ ትንሽ ያሸታል እንጂ።

ትርንጎ ከዚህ ሁሉ አልነበረችበትም። እሷ የምትቆጥረው ቀን ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የጠራቻቸው ሰዎች በመንገድ ሲያገኟት «እሁድን እንይና» ይሏት ጀመር። ድንኳን አከራዩ ችካሎቹን ግማሽ ብቻ ላከ። የሙሽራው እናት መጥታ በር ላይ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ «ልጆቹ ይዋደዳሉ፣ እኔ ምንም የለኝም፤ ግን ማንም የማይበላበት ሠርግ ለልጄም አይሆነውም» ብላት ሄደች። ስንቅነሽ ይሄን ከጓዳ ሰማች። አላለቀሰችም፤ የምታጥበውን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበችው፣ ሦስተኛ ልታጥብ ስትል ትርንጎ ተቀበለቻት።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሱቅ በደረቴ ከሩቅ አገር መጣ። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን መርፌና ማበጠሪያ ሲዘረጋ ትርንጎ ስልኳን አሳየችው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳይ ነበር፣ ለታመመ ልጅ መድኃኒት እንደሚጠይቅ ሰው። ሰውየው አየና ፈገግ አለ።

«ይሄንን እኔ በልቼዋለሁ።»

«ገንፎውን?»

«ገንፎ አይደለም እናቴ። ክሬም ካራሜል ይሉታል። ወተት፣ እንቁላልና ስኳር ነው።»

«አናቱ ላይ ያለውስ?»

«ያረረ ስኳር።»

«አሮባቸው ነው?»

«አይ፣ ሆን ብለው ነው የሚያሳርሩት።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔን ውሸታም የምትለኝ ሴት የባሰ አገኘች። «መቼ ነው የሚበላው?» አለችው።

«ከምግብ በኋላ።»

«ከጠገቡ በኋላ?»

«አዎ።»

«ከጠገቡ ለምን ይበላሉ?»

ሱቅ በደረቴው ይሄን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር፣ ማበጠሪያዎቹን ማስተካከል ጀመረ። ትርንጎ አልለቀቀችውም። «እሺ፣ ስዕሉን ሲላላኩ ምን ማለታቸው ነው?»

«እንደ አገሩ ነው እናቴ። ሰሃኑ ሲነካ ምግቡ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ በአንዱ አገር ወጣቶቹ ‹ሳይህ እንዲህ እሆናለሁ› ለማለት ይልኩታል። በሌላው አገር ‹ዛሬ ይሄን በላሁ፣ ቅኑብኝ› ለማለት ነው። የሆነ ቦታ ለታመመ ሰው ይልኩታል፣ ጥርስ አይፈልግምና። ብዙ ቦታ ደግሞ ጣታቸው ስቶ ነው።»

«ለታመመ» አለች ትርንጎ፣ ለራሷ። ግንቡን አየች። ከዚያ «አሠራሩን ንገረኝ» አለችው።

ሰውየው ነገራት። ስኳሩን ድስት ላይ አሳርሮ ጣሳ ሥር ማፍሰስ፤ ወተቱን ከእንቁላልና ከስኳር ጋር መትቶ በላዩ መጨመር፤ ጣሳውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማብሰል፤ ሲበርድ ሰሃን ላይ መገልበጥ። ትርንጎ ይሄን ሁሉ በቃሏ ያዘች። እኔ ብጽፈው ኖሮ አንድ ነገር እጨምርበት ነበር።

ፍላጎቷ እንዲህ ነበር፦ ስዕልን በስዕል መመለስ ካልተቻለ በእውነተኛ ምግብ፣ በእውነተኛ ሰሃን ትመልሰዋለች። ዳኛው ቢጠየቁ «ሕጉ ሰሃኑ ባዶ አይሁን ይላል እንጂ ሰሃኑ ከምን ይሁን አይልም» አሉና ፈቀዱ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ሠራች። ስኳሩን ለማሳረር እጇ እምቢ አላት፤ አርባ ዓመት ሙሉ ምንም እንዳያርርባት የተጠነቀቀች ሴት ናት። ስኳሩ ገና ሊቀላ ሲል ከእሳቱ አነሳችው፣ ስትገለብጠው ነጭ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ሰሃኑ ላይ እንደ ደከመ ሰው ተዘረጋ። ሦስተኛውን ውሻው በላው፣ ያው በጎዳናው ላይ የሚሄደው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ በር ላይ ሰፈረ። እሁድ ጠዋት በአራተኛው ስኳሩ እስኪጨስ ታገሰች። ስትገለብጠው ቆመ። አናቱ ቡናማ፣ ጎኑ ቢጫ፣ ስልኩ ላይ እንዳለው። ሰሃኑን ነካ ስታደርገው ተንቀጠቀጠ።

«እናቴ፣ አንቺም እየተንቀጠቀጥሽ ነው» አለቻት ስንቅነሽ።

«ዝም በይ፣ እንዳይወድቅ።»

ከቀትር በፊት የአመለወርቅ በር ላይ ግማሽ ከተማ ቆሟል። ዳኛ አጥናፉ ሦስት እጅጌ ያለውን ሹራብ ለብሰው መጥተዋል። ሕጉ ወደ ቤት ገብቶ የሚያይ አንድ ምስክር ይፈልጋል፤ ስዕሉ ያለበትን ስልክ ይዤ ለማመሳከር እኔ ተመረጥኩ። ለምስክርነት እኔን መምረጥ! ነገርኳችሁ እኮ፣ እኔም አላመንኩም ነበር።

አመለወርቅ በሩን ከፈተች። ከስታ ነበር ያየኋት። ትርንጎ ሰሃኑን እንደያዘች ቆመች፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው ንግግር ነበር፣ የወጣው ግን ይሄ ብቻ ነው።

«ገንፎ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?» አለች አመለወርቅ።

«ስኳሩን አሳርረው የሚበሉት ነገር ነው።»

«አረረብኝ አትይም?»

ትርንጎ አፏ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣባት፣ መለሰችው። ገብተን ተቀመጥን። አመለወርቅ በማንኪያ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ማንኪያውን ለትርንጎ አቀበለቻት። በአንድ ማንኪያ እየተቀባበሉ በሉት። ለእኔ አልሰጡኝም፤ ምስክር አይበላም ተባልኩ።

«አሁን ንገሪኝ» አለች ትርንጎ፣ ሰሃኑ ሲጋመስ። «ምን ልትይኝ ነው ያንን የላክሽው? እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ ነው።»

አመለወርቅ ተነሳች። አልጋዋ ሥር ጎንበስ ብላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሰሃን ነበር፣ የተወለወለ፣ ዘጠኝ ዓመት አቧራ ያልነካው።

«ጭኮውን የላክሽልኝ ሳምንት ላሚቱ የሞተችብኝ ሳምንት ነበረ። ቤቴ ውስጥ ጨው እንኳ አልነበረም። ባዶውን ብመልስ ሰሌዳ ነው። ሳገኝ እሞላበታለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። ወር ሆነ። ከዚያ፣ ወር የቆየ ሰሃን በትንሽ ነገር አይመለስም አልኩ። ዓመት ሆነ፣ ዓመት የቆየማ በበግ እንኳ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ዓይንሽን ማየት ፈራሁ።»

«አንቺ ሞኝ» አለች ትርንጎ፣ ቀስ ብላ።

«የስንቅነሽን ሠርግ ስሰማ፣ ሰሃንሽ እኔ ጋ አለ ልበልሽ ብዬ ስልኩ ውስጥ ሰሃን ፈለግሁ። መጻፍ አልችልም። ባዶ ሰሃን አግኝቼ ነበር፣ ግን ቢላዋ አለበት። ላንቺ ቢላዋ ልላክልሽ? ቢላዋ የሌለበት ያ ብቻ ነው። በላዩ ያለውን ምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁትም። ባርኔጣ መስሎኝ ነበር።»

ትርንጎ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በትከሻዋ፣ በመጨረሻ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ። አመለወርቅ ምን እንዳሳቃት ሳታውቅ አብራት ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ትርንጎ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። «ይሄን ሳል በግንብ በኩል ስሰማው ነው የኖርኩት» አለቻት። «ከቅርብ ሲሰማ ይሻላል።»

ከዚያ አመለወርቅ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው ሰሃን ላይ ሁለት ሎሚ አስቀምጣ ለትርንጎ ሰጠቻት። ትርንጎ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ይዛው ወጣች። የተሸፈነ ሰሃን መግለጥ እዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው፣ ስለዚህ ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምስክር! እመት ትርንጎ የመለሰችው ሙሉ ነበር?»

«ሙሉ ነበር ጌታዬ። ስዕሉን ቁርጥ።»

«እመት አመለወርቅስ የመለሰችው?»

«ሁለት ሎሚ አለበት።»

ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። «ሎሚ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ቢጫ ነው ጌታዬ። ድብልብል።»

«እንደ ገንፎ?»

«በጣም ትንሽ ገንፎ ነው ቢባል ይቻላል።»

ዳኛው ትርንጎን አዩ። ትርንጎ መሬት መሬት ታያለች። ነጠላዋን አዩ። ነጠላው ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ። «ሁለት ሎሚ» ብለው ጻፉ፣ መዝገቡን ዘጉ።

የስንቅነሽ ሠርግ በቀኑ ሆነ። ድንኳን አከራዩ የቀሩትን ችካሎች ራሱ ተሸክሞ አመጣ። አመለወርቅ ከትርንጎ ጋር አንድ ወጥ ላይ ጨው እየጨመሩ ተጨቃጨቁ፣ ወጡ ጨው በዛበት፣ ሁሉም በላ። ከምግብ በኋላም ሌላ ምግብ ቀረበ፣ ክብ፣ አናቱ ያረረ፤ ሰው ሁሉ «ከጠገብን በኋላ?» እያለ በላ። የሚገርመው ግን እንግዳው ባዶ እጁን አለመምጣቱ ነው። ከየአልጋው ሥር የተደበቀ ሰሃን ሁሉ በነጠላና በጋቢ ተሸፍኖ መጣ፣ ድንኳኑ ውስጥ ለየባለቤቱ ተመለሰ። ዳኛ አጥናፉ በር ላይ ተቀምጠው ይጠይቃሉ፦ «ምን አለበት?»

«ሁለት ሎሚ።»

«እለፍ።»

እስከዚያ ዕለት ማታ፣ ከሳምንት በፊት የተመለሰውን የትርንጎን ጨምሮ፣ መቶ አርባ ሰሃን በወጉ እንደተመለሰ መዝገቡ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ እዚያ ከተማ ያንን ስዕል የላከ ሰው ገንፎ፣ ባርኔጣ ወይም ጎጆ ማለቱ አይደለም። «ሰሃንሽ እኔ ጋ ነው፣ መጥቼ ላምጣልሽ?» ማለቱ ነው። ሰውም በጎዳናው ላይ እንደገና ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ፣ ውሻው ትንሽ ተጨናንቋል።

ስጀምር ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፣ ስልኮች እንዳይከዱኝ አንድ ነገር ላስተካክል። ሎሚ እዚያ አገር አይበቅልም። አመለወርቅ ሰሃኑን ባዶውን ነው የሰጠቻት። ትርንጎ ባዶውን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ወጣች።

እኔ የፈጠርኩት ሁለቱን ሎሚ ብቻ ነው። አራተኛ ክፍል የተማረ ሰው ሒሳብ ያውቃል፦ የቀረውን ሁለት መቶ ሰባ ስምንት ሎሚ የፈጠሩት እነሱ ናቸው።